ፈረሰኛው «ደህና ሁኚ» ብቻ ነው ያለው

ለማይረታው ባለቤቴ፣ ለይመር፤

እንዴት ሰነበትክልኝ? ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ስላልናፈቅኸኝ አይደለም። ብዕር ካነሳሁ ደብዳቤው «ተረታሁ» በሚል ቃል እንደሚያልቅ ስለማውቅ ነው። አንተ ይህን ቃል ከእኔ አፍ ለመስማት በትዳራችን ዘመን ሁሉ ጠብቀህ ሳትሰማው ሄድክ፤ እኔም ትንሽ ላስጠብቅህ ብዬ ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ክረምቱ ዘንድሮ ጥሩ ዘነበ። ሦስት ክረምት ሙሉ «ነገ እሠራዋለሁ» ስትል የኖርክበትን የሚያፈስ ጣሪያ አናጢው በአንድ ጠዋት ጨረሰው። ቡናማ ባርኔጣህን ለማንም አልሰጠሁም፤ ግን ዶሮዋ እንቁላል ትጥልበት ጀምራለች፣ ብከለክላትም አልሰማ ብላኛለች። ክሊኒኩ ውስጥ መርፌ የምወጋው አሁንም እኔ ነኝ፤ ካድሬው ሳይቀር ገና ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል።

አሁን ወደ ጭቅጭቃችን ልመለስ። ያ ፈረንጅ መምህር አገሩ ሲገባ ለትምህርት ቤቱ ትቷቸው የሄደውን የፊልም ማሽንና ሁለቱን ያረጁ የአሜሪካ ፊልሞች ታስታውሳለህ፤ እንዴት ትረሳለህ! የሰባተኛ ክፍልን መስኮት በጆንያ ደፍነን፣ ለፊልሙ መጋረጃ አቡጀዲ ከሀጂ ሰይድ ሱቅ ተውሰን፣ ቅዳሜ ከሰዓት መካነ ሰላም ሲኒማ ያላት ከተማ ትሆን ነበር። ሰኞ ደግሞ ሀጂ ያንኑ አቡጀዲ ለገበያተኛ ቆርጠው ይሸጡታል። ከከተማችን ሴቶች የስንቷ የውስጥ ልብስ ላይ ፈረስ እንደጋለበ እሳቸውና እኛ ብቻ ነን የምናውቀው።

እንግሊዝኛ የሚሰማ ስላልነበረ ድምፅ ማጉያውን ይዘህ የምትተረጉመው አንተ ነበርክ። የጂኦግራፊ መምህር ሆነህ እንዴት እንደዚያ እንደምታወራ ይገርመኝ ነበር። እኔም ከተማውም የወደድነው የፈረሰኛውን ፊልም ነው። አንተ ግን ያለ ልኩ የተካበ ነው አልክ። «ኮፍያ፣ ፈረስና አቧራ ነው፤ ሌላ ምን አለው?» እያልክ ታናድደኛለህ። ላንተ ፊልም ማለት የሽማግሌው ፊልም ነው፤ ያ በድርቅ የተመታ ሽማግሌ ገበሬ ከሚስቱ ጋር አጥር ሲጠግን የሚውልበት። የሚገባውን ክብር ያላገኘ ፊልም ነው ብለህ ሙግት ገጠምክ። አንድ ጊዜ ብታሳየው አሥራ አንድ ሰው መጣ፤ ሰባቱ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሀጂም ወላሂ ድርቅ ለማየት አቡጀዲ መዋስ አያስፈልግም፣ ደጄ ላይ አለልኝ አሉህ። ያኔ ነው የትኛው ፊልም እንደሚበልጥ የተወራረድነው፤ የተረታው ሀጂ ሱቅ ውስጥ ቆሞ፣ ገበያተኛ እየሰማ «ተረታሁ» ሊል።

እውነትም ድርቁ ደጃችን ላይ ነበር። በዚያ ክፉ ዘመን ከቆላው የወጣው ሕዝብ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ ግቢ ሲሰፍር፣ የፊልሙን መግቢያ አንድ ጣሳ እህል ያደረግኸው አንተ ነህ። የሽማግሌውን ፊልም ልታሳይ ፈልገህ ሰው እንደማይመጣ ስታውቅ፣ ጥርስህን ነክሰህ ፈረሰኛውን አሳየህ። ፈረሰኛው መጠጥ ቤት ገብቶ ባለቤቱን ቀና ብሎ ሲያየው የተረጎምከው ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ጎተራህን ቆልፈህ የምትተኛ ሰው፣ ፈረሴ እንኳ ካንተ ይሻላል፤ ጠግቦ ሲበላ ለዶሮዎቹ ይተርፋል።» በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰዉ ሁለት ሁለት ጣሳ ይዞ መጣ። እህሉን አብረን ስናከፋፍል፣ ያለ ልኩ ተካበ ያልከው ፊልም ይኸው ሰው አበላ ብዬ አፌዝኩብህ። አንተም ሳቅክ። ያ ሳቅህ ምን እንደነበር አሁን ገባኝ።

አብዮቱ መጥቶ ካድሬው የኢምፔሪያሊስት ፊልም ይታገድ ሲል እንኳ ፈረሰኛው አልታሰረም። ካድሬውን ከፊት ወንበር አስቀምጠህ ባለ ከብቱን ሀብታም ባላባት አደረግኸው፤ ፈረሰኛውን ደግሞ «መሬት ላራሹ!» አሰኘኸው። ካድሬው ተነሥቶ አጨበጨበ። እኔ የቀድሞ ትርጉምህን በቃሌ ስለማውቀው ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት።

ሁሉንም ይቅር ብልህ የመጨረሻዋን ቦታ ግን ማንም ሊነካብኝ አይችልም ነበር። ፈረሰኛው ሴቲቱን በሯ ላይ ትቷት ሲሄድ ዞር ብሎ፦ «ብዘገይ መንገዱ የጠፋብኝ እንዳይመስልሽ፤ ቤቴን አውቀዋለሁ» ይላታል። በየጊዜው አለቅስ ነበር። እንዲህ ያለ ቃል ያለበት ፊልም እንዴት ያለ ልኩ ተካበ ይባላል እያልኩ ሌላ ሳምንት እጨቀጭቅህ ነበር።

ተስቦው ከወሰደህ ወዲህ ክፍሉ ተዘግቶ ከረመ። ሰሞኑን የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ተመልካች ከሌለ ማሽኑ ወደ ደሴ ይሄዳል ብሎ ወሰነ። ላንተ የቀረልህ መታሰቢያ እሱ መስሎ ስለታየኝ፣ ከደሴ የተዛወረችውን የእንግሊዝኛ መምህርት ወይዘሮ አልማዝን እንድትተረጉም ለመንኳት፤ አላሳፈረችኝም፣ ቅዳሜ መጣች። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። አልማዝ ጠንቃቃ ሰው ናት፤ ያልተባለ አትጨምርም።

ይመርዬ፣ ምን ጉድ ሠርተኸናል! መጠጥ ቤቱ ውስጥ ፈረሰኛው ያለው «ለፈረሴ አጃ ይኖራችኋል?» ነው። ሀብታሙን ያለው «ከብቶችህን ከመንገዱ ላይ አንሣልኝ» ነው። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። ሀጂ ሰይድ ተነሥተው፣ ይቺ ልጅ ፈረሰኛውን ድዳ አደረገችው፣ ያ ረቢ ምን ዓይነት ትርጉም ነው አሉ። ምስኪን አልማዝ ላብ አጠመቃት። እኔ የጠበቅሁት የመጨረሻዋን ቦታ ነበር፤ ቢያንስ እሷን አልነካሃትም ብዬ። ፈረሰኛው ዞር አለ፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ አልማዝም «ደህና ሁኚ» አለች። በቃ። ሌላ ምንም የለም። ግማሹ ሰው ሳያልቅ ወጥቶ ሄደ።

ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽህም። ያን ሁሉ ጊዜ ያለቀስኩት በፊልሙ ቃል ሳይሆን በባሌ ቃል መሆኑን በስንት ሰው ፊት ተረዳሁ። ድምፅ ማጉያውን ይዘህ ያን ቃል ስትል ወደ አቡጀዲው ሳይሆን ወደ እኔ ታይ እንደነበርም ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ሰኞ ከሥራ መልስ አልማዝን ይዤ የሽማግሌውን ፊልም ብቻችንን አየን። ስንት እንደጨመርክበት ልይዝህ ፈልጌ ነበር፤ በየጭቅጭቃችን ስትደግምልኝ የኖርከውን ቃል ሁሉ አስታውሼ ተዘጋጅቼ ተቀመጥኩ። አንድ ቃል አልጨመርክም። ሽማግሌው ያለውን ሁሉ እንዳለው ነው የነገርከን። ሚስቱ ዝናብ እንደሆነ አልመጣም፣ አጥሩን ለማን ትጠግናለህ ስትለው፣ «ነገ ከብት ቢኖረን ብዬ ነው» ይላታል። አንተም ያልከው ይህንኑ ነበር። ያኔ ተኝተው ከነበሩት ሰባት ሰዎች አንዷ እኔ ነበርኩ፤ እስከ ዛሬ አልነገርኩህም፣ አሁን ይኸው ነገርኩህ። ለሌላው ፊልም ያን ሁሉ ማር ስታፈስ ለዚህኛው ምንም ያላከልክበት ምንም ስላልጎደለው ነው። እኔና ከተማው ግን ገፋነው።

ስለዚህ ማክሰኞ ሀጂ ሱቅ ሄጄ፣ ሦስት ገበያተኛ ቆሞ እያለ፣ ተረታሁ አልኩ። ሀጂ መቀሳቸውን አስቀምጠው ዓይናቸውን ጠረጉ፣ አላህ ይርሐመው አሉ፤ ቀጥለውም ውርርዱ እንዳለ ሆኖ፣ የይመርን ፈረሰኛ ካላመጣሽልን አቡጀዲ አላውስም አሉ።

ማን ያመጣዋል? በቃሉ የሚያውቀው ሰው አንድ ብቻ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ድምፅ ማጉያውን ያዝኩ። ጎተራውንም፣ ባላባቱንም፣ አንድ ሳላስቀር እንዳልከው አልኩት፤ ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ አልማዝም ከኋላ ሆና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሊቀ መንበሩም ማሽኑ እዚሁ ይቆይ አለ። ከፈረሰኛው በፊት ሁልጊዜ የሽማግሌውን ፊልም ጥቂት እንደማሳይ ተናግሬያለሁ፤ ሀጂ አጉረመረሙ፣ ይልመዱት።

ይመርዬ፣ አልረሳህም። ጡረታ እስክወጣ፣ ዓይኔ እስኪደክም፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እዚያች በር ላይ እደርሳለሁ። ፈረሰኛው ዞር ብሎ «ደህና ሁኚ» ይላል። እኔ ግን ሰዉ ጸጥ እስኪል ጠብቄ፣ መንገዱ የጠፋብኝ እንዳይመስልሽ፣ ቤቴን አውቀዋለሁ ይላታል እላቸዋለሁ።

ያንተው ግትር፣
አስናቀች