ከቁልፎቹ ሥር ያገኘሁት

ፔይሹዋን፣

ኪቦርዱ ፊደል የሚደጋግመው ለምን እንደሆነ ደርሼበታለሁ። ቁልፎቹን ነቅዬ ሳይ ከሥራቸው የወተት ሻይ ደርቋል። እኔ ወተት እንደማይስማማኝ ታውቂያለሽ።

በአልኮል ጠርጌዋለሁ። በደንብ ሳይደርቅ እንዳትሰኪው።

የመመረቂያ ጽሑፌ በተደጋገሙ ፊደሎች ስሕተት ተሞልቶ ሲመለስልኝ አጠገቤ ነበርሽ። «አይዞሽ እህቴ፣ ይቺን አረንጓዴ የበቆሎ መክሰስ ከነከረጢቷ ኪቦርዱ አናት ላይ አኑሪበት። በአገራችን ማሽን ሁሉ እሷ ስትቀመጥበት አይደል እንዴ አደብ የሚገዛው!» ብለሽ ሳቅሽ። እኔም አብሬሽ ሳቅሁ፤ አኖርኩበትም።

«ደፋሁበት» ብትዪኝ ይበቃኝ ነበር።

ጽሑፉን ዛሬ ማስረከብ ስላለብኝ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ እዚያ ባለ ኪቦርድ አርመዋለሁ። ማብሰያው ውስጥ ሩዝ አለልሽ፤ እኔን አትጠብቂኝ።

ከረጢቱን ትራስሽ ላይ አድርጌዋለሁ። ኪቦርዱ ከእንግዲህ አያስፈልገውም።

ዩቼን