«ባዶ» ብዬ ለጻፍኳቸው ጉድጓዶች ስለተሰጠን አረንጓዴ ቀለም

ለተከበሩ የውሃ ተጋላጭነት መለኪያ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ የተሟላ፣ ቤትዎም የሰላም እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ በአካባቢያችን ያሉትን አሥራ አንድ ጉድጓዶች ላለፉት ሃያ ሁለት ዓመታት በየወሩ የምለካው ሰው ነኝ። እርስዎ አያውቁኝም፤ እኔም የማውቅዎት በሪፖርትዎ ላይ ባለው ፎቶግራፍ ነው፤ ሲያምርብዎ!

የአገሪቱ ውሃ ለአየር ንብረት ለውጥ ምን ያህል እንደተጋለጠ የሚያሳየው ካርታዎ ሲደርሰን፣ አካባቢያችን አረንጓዴ ተቀብቶ፣ «ስጋት የሌለበት» ተብሎ፣ ከአገሪቱ አንደኛ ወጥቶ አየነው። ጎረቤቶቼ መሳቅም ማልቀስም አቃታቸው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ቅጽዎ የሚጠይቀው ከጉድጓዱ አፍ ጀምሮ ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንደተገኘ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ውሃው ራቀ ማለት ነው። ዘንድሮ ከአሥራ አንዱ ጉድጓዶች አሥሩ ደረቁ። ሜትሬን እስከ ታች ልኬ፣ ጫፉ ላይ ያለው ብረት አቧራ ይዞ ሲወጣ፣ እንደማንኛውም ሰው «ባዶ» ብዬ ጻፍኩ። ቢሮዎ ደግሞ እንደ ኳስ ተመልካች «ባዶ»ን ዜሮ ብሎ መዘገበው። ዜሮ ሜትር ማለት እንግዲህ ውሃው አፍ ድረስ ሞልቶ ሊፈስ ነው ማለት ነው። አሥር ደረቅ ጉድጓድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሞላ ሰው ከእርስዎ በፊት አልሰማሁም፤ እጅዎን ቁርጥማት አይንካው።

2. ስህተቱን ላስረዳ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። መረጃ የሚያስገቡት ባለሙያ ኮምፒውተሩ ፊደል እንደማይቀበል በትሕትና ነገሩኝ። ምክትልዎ ደግሞ የታተመ ካርታ እንደማይታረም፣ ቀጣዩ ልኬት ከአምስት ዓመት በኋላ እንደሚነበብ፣ እስከዚያው ታግሠን እንድንጠብቅ መከሩኝ። ወይ ጉድ! ጥማት ቀጠሮ ሲያከብር አይቼ አላውቅም።

3. ስጋት ስለሌለብን፣ ለጤና ጣቢያችን ጥልቅ ጉድጓድ ሊቆፍር የመጣው ማሽን ገና አፈር ሳይነካ፣ የፊታችን ሰኞ ተጭኖ ወደ ሌላ ቦታ እንዲሄድ አዘዋል። የቀረን አንድ ጉድጓድ የዚሁ ጤና ጣቢያ ነው። ባለፈው ወር ውሃውን አርባ አንድ ሜትር ላይ አገኘሁት፤ በዚህ ወር አርባ አራት ላይ። ጉድጓዱ ራሱ አርባ ስምንት ሜትር ነው። ሒሳቡን ለእርስዎ መተው ድፍረት ስለሚሆንብኝ ራሴ ሠራሁት፤ አርባ ቀን ቢቀረው ነው፣ እሱም ፓምፑ ቀድሞ ጭቃ መሳብ ካልጀመረ። ሴት ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ስድስት ሳምንት ቀርቷታል። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ከእንግዲህ የምትመጣ ወላድ ሁሉ ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዛ እንድትመጣ ነግራታለች። ልጄ ከየት እንደምትቀዳ ጠየቀችኝ፤ ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ሲለካ የኖረው አባቷ ሜትሬን ይዤ ያንኑ ጉድጓድ ደግሜ ልለካ ሄድኩ። ፈርቻለሁ፤ ይህን እንኳ አሳምሬ ልጽፈው አልቻልኩም።

4. አራተኛም ነበረኝ። ማሽኑን ካስቀሩልን ግን እተወዋለሁ።

ክቡርነትዎ አንደኛ ያሰኟቸው የአሥር ደረቅ ጉድጓዶች አገልጋይ፣ ምላሱ ቢደርቅም እርስዎን ከማመስገን የማይቦዝን፣ ትሑት የጉድጓድ ለኪ።

ከፊርማ በኋላ፦ ለሦስተኛ ጊዜ ደጅ በጠናሁ ዕለት፣ እስኪጠሩኝ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ በግቢዎ ያለውን፣ ቢሮዎም ከጎኑ ያለው መኖሪያ ቤትዎም የሚጠጡትን ጉድጓድ ለካሁት፤ የጥበቃ ሠራተኛው ምስክሬ ነው። ያገኘሁትን ቁጥር በቅጹ ሞልቼ ለምክትልዎ አስረክቤያለሁ፤ እንዳሉኝም ከአምስት ዓመት በኋላ ይነበባል። ቤትዎ ነፍሰ ጡር ካለች ግን፣ ያን ያህል ባይጠብቁ ይሻልዎታል።