የአባባ ስድስት ጎራሽ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ዓለም ባንክ

አባባ ስድስት ጎራሽ ሽጉጣቸውን ለዮናስ ከሰጡት ሳምንት ሆነ። ፈቃዱም በእሱ ስም ዞሯል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ሽጉጥ የወለወልኩት፣ ዘይት የቀባሁት እኔ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ አንድ ቀን እንኳ ጨርቅ አንስቶ አያውቅም። ምን ዋጋ አለው፣ እሱ ወንድ ነው! ቆሽቴ አረረ።

ዛሬ ደግሞ አዲስ ጥይት ገዝቶ መጣና አባባ ፊት ቁጭ ብሎ ያጎርሰው ጀመር። «ነገ ገጠር ወርጄ እሞክረዋለሁ» አለ። እኔ ካርቶኑን አንስቼ አነበብኩት። የጥይቱ ልክ ያው ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። ባሩዱ ግን ኃይለኛ ነው፤ ለአዲስና ለጠንካራ ሽጉጥ ብቻ ይላል። የአባባ ሽጉጥ አሮጌ ነው፣ ብረቱም ስስ ነው። ያንን ግፊት ስለማይችል እጁ ላይ ይፈነዳል።

ተናገርኩ።

«ከገባማ ልኩ ነው። አንቺ ቀንተሽ ነው» አለኝ።

አባባ መነጽራቸውን አድርገው ካርቶኑን አገላብጠው አዩት። «እውነቷን ነው፣ አውጣው! ሁለተኛ ጥይት ስትገዛ እሷን ጠይቅ» አሉት። ሽጉጡን መልሰው የሰጡት ግን ለእሱ ነው።

እማዬ «ወንድምሽን አተረፍሽልኝ» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ካርቶኑን ያነበብኩት ዮናስ የመጀመሪያዋን ጥይት ሲያጎርስ ነው። አፌን የከፈትኩት አምስተኛዋ ከገባች በኋላ ነው።