ስለ ገደሉ የዋሸሁህ

ውድ ክንዱ፣

ማንአለሽን የገደልካት አንተ አይደለህም። ከሁሉ በፊት ይህን ላስቀድም። «የገደሉን ግርጌ ቆፍሬ ነው የተናደው» እያልክ ራስህን መርገም ከጀመርክ ዘጠኝ ወር ሆነህ። ገደሉ እንደሚናድ እኔ ቤትህ ሳይሠራ በፊት አውቅ ነበር።

ነገሩ ማንአለሽን ካገባህበት ሠርግ ይጀምራል። ጂኦሎጂ ተምሬ ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ፣ ሁለት ዓመት አባቴ ቤት የተቀመጥኩበት ጊዜ ነበር። አንተ ከአሥረኛ ክፍል አቋርጠህ በእህል ንግድ ሰው ሆነሃል። ዳሱ ውስጥ ተነሥተህ፣ «አዳነ አምስት ዓመት ተምሮ፣ ድንጋይ ድንጋይ መሆኑን አረጋግጦ መጣ!» አልክ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ እንኳ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አንተ በማግስቱ ረሳኸው፤ እኔ ግን አልረሳሁትም።

በአምናው ጥቅምት፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ አስተማሪ ሆኜ ከተቀጠርኩ በኋላ፣ ከገደሉ ሥር ቤት ልትሠራ እንደሆነ ነግረህኝ «ቦታውን እይልኝ» አልከኝ። አንተ ከታች ገመድ ይዘህ ስትለካ እኔ ብቻዬን ወጣሁ።

ያየሁትን ልንገርህ። ከላይ ባዛልት የሚባል ጥቁር ዐለት አለ፤ ከታችም ሌላ ባዛልት አለ። ሁለቱም የጉና ተራራ እሳተ ገሞራ በነበረ ጊዜ ቀልጠው የፈሰሱ ናቸው። ግን አንድ ላይ አልፈሰሱም። የታችኛው ቀዝቅዞ፣ ገጹ በስብሶ አፈር እስኪሆን ረጅም ዘመን አልፏል። ከዚያ አዲሱ ቅልጥ ድንጋይ መጥቶ ሲተኛበት አፈሩን እንደ ሸክላ ጠብሶ አቀላው። ያ ቀይ አፈር በበጋ ጠንካራ ይመስላል፤ ውሃ ሲጠጣ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ከገደሉ አናት ላይ ደግሞ ስንጥቅ አገኘሁ። ክንዴን እስከ ትከሻዬ ባስገባም መጨረሻውን አልነካሁትም። የክረምቱ ዝናብ በዚያ ገብቶ ቀዩ አፈር ላይ እንደሚደርስ፣ የላይኛው ዐለትም አንድ ቀን ተንሸራቶ እንደሚወርድ ለማወቅ ዶክተር መሆን አያስፈልግም።

ስወርድ፣ «እህስ ዶክተር፣ ድንጋዩ ድንጋይ ነው?» አልከኝ እየሳቅክ።

«ሚሊዮን ዓመት የቆመ ነው፤ ላንተ ሲል አይወድቅም» አልኩህ። «ሥራ።»

እንድትሞቱ አልፈለግሁም። ግድግዳህ ተሰነጣጥቆ፣ የደከምክበትን ቤት ጥለህ ስትወጣ ማየት ነበር የፈለግሁት። ያን ቀን ሰው ፊት ልስቅብህ ተዘጋጅቼ ነበር።

ነሐሴ ላይ ማንአለሽ ደወለችልኝ። ይህን አታውቅም። «ወንድምዓለም፣ ከገደሉ ሥር የሚወጣው ምንጭ ከትናንት ጀምሮ ቀልቶ ይወርዳል። ክንዱ አርብ ገበያ ሄዷል። ምን ይሆን?» አለችኝ። ቀዩ አፈር መታጠብ ጀምሯል ማለት ነበር። «ውጪ» ማለት አንድ ቃል ነው፤ ግን ያን ብላት «ታዲያ ጥቅምት ላይ ለምን ሥሩ አልከን?» ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ።

«ክረምት አይደል፤ ይጠራል» አልኳት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ፈርቼ ነበር እኮ» ብላ ዘጋችው። በማግስቱ ከቀትር በኋላ ገደሉ ወረደ።

አንተ ሳትደርስ ከተማሪዎቼ ጋር ድንጋይ ሳነሣ እጄ ደማ፤ አገሩ ሁሉ መረቀኝ። «ከደጃፍ ነው ያገኘናት፤ እየሸሸች ነበር» ብዬሃለሁ። ይህም ውሸት ነው። ከቤት ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ሰፌዱ ከጭኗ አልወረደም፤ ምስር እየለቀመች ነበር። አምናኝ ነበር የተቀመጠችው።

ለቅሶው ላይ አንገቴን አቅፈህ «እኔ ነኝ የገደልኳት» ስትል፣ «አይዞህ፣ አይዞህ» አልኩህ። በልቤ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? እፎይ አልኩ። ጥፋቱን አንተ ስለወሰድከው እፎይ አልኩ።

ወንድምህ እንየው ባይመጣ ኖሮ ይህን አልጽፍልህም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ደስ ብሎት ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። «ክንዱ ለኑሮ ደብረ ታቦር ሲገባ ቦታውን ሰጠኝ። የሚወርደው ወርዷል፣ አሁን አያሰጋም ብሎኛል» አለኝ። በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ወጥቼ አየሁት። ከተናደው ጀርባ ሌላ ስንጥቅ ተከፍቷል፤ ከፊተኛው ይሰፋል። እንየው መሠረት አውጥቶ ጨርሷል።

«እዚህ አትሥራ፣ ይወርድብሃል» አልኩት።

«ለክንዱ ደህና ነው ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ዋሽቼው ነው።»

ትክ ብሎ አየኝና ሳቀ። «ኧረ ተው፣ ሰው እንዲህ ያለ ውሸት አይዋሽም» ብሎ ድንጋዩን መደርደር ቀጠለ።

እኔን አያምነኝም፤ አንተን ያምንሃል። ይቅርታ አልጠይቅህም፤ ብትሰጠኝም የማስቀምጥበት የለኝም። ደብዳቤውን ለፖሊስ ብትሰጠው፣ ለአባቴ ብታነብላቸው፣ እጄን ይዘህ ገደሉ ጫፍ ብትወስደኝ፣ የትም አልሄድም፤ በየቀኑ ትምህርት ቤት አለሁ። ግን አሁን ግንቦት ሃያ ነው፤ ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል። በመጀመሪያ መጥተህ እንየውን ከዚያ አውጣው።

አዳነ
መካነ ኢየሱስ