ሰላምታ የጨረሰው ሰም

ውድ ጋሽ ካሳዬ፣

ዛሬ ጤናዎን ሳልጠይቅ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ። ባልጌ አይደለም፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ያገኙታል።

እዚህ ሰው አገር፣ ስቶክዌል ጎረቤታችን ሳሉ፣ የምሠራበት ወርክሾፕ የመጡበትን ቀን ያስታውሳሉ? ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ስለ ስልክና ስለ ድምፅ መቅረጫ ይመራመሩበት በነበረ ላቦራቶሪ የተሠራ ድምፅ መቅጃ ማሽን ነበር፤ እኛ አስመስለን ሠርተን አሳየንዎት። ሰም የተለበጠ የካርቶን ጥቅል ይሽከረከራል፤ በጥሩምባ መሳዩ ቱቦ ሲናገሩ መርፌዋ ድምፅዎን ሰሙ ላይ ትጭራለች። ዕድሜ ልክዎን ስልክ ሲጠግኑ ኖረው፣ ያን ቀን እንደ ሕፃን ሲቦርቁ ሳይ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

የቀረን አንድ ጥቅል ብቻ ነበር፤ የሚይዘውም ሁለት ደቂቃ። «ለአልታየሽ ነው የምቀዳላት» አሉኝ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ሲሰደዱ ባለቤትዎን እትዬ አልታየሽን አንድም ቀን እወድሻለሁ ሳይሏቸው ነው የወጡት። በስልክማ እንዴት ተደርጎ! «መስመሩ ላይ ስንት ጆሮ እንዳለ እኔን ጠይቂኝ» ይሉ ነበር።

ከዚያ ኮፍያዎን አውልቀው፣ ለቱቦው እጅ ነስተው ጀመሩ። «እንደምን ሰነበትሽ? ደህና ነሽ ወይ? እግዚአብሔር ይመስገን። እህትሽ እህተማርያምስ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው?» በየጥያቄው መሐል መልስ እየጠበቁ ዝም ይላሉ እኮ! ቶሎ ይበሉ ብዬ እጄን ባወዛውዝ «አንቺስ ደህና ነሽ፣ ብፅዬ?» አሉኝ። «ሰሙ አለቀ» አልኩዎ።

እናዳምጠው ብልዎ «ምኑን ቼክ ታደርጊዋለሽ? ሰላምታ ብቻ ነው!» ብለው አኮረፉ። ብዙም ሳይቆዩ አገርዎ ገቡ። ባለፈው እሑድ ደውዬ «አሁንስ እወድሻለሁ አሏቸው?» ብልዎም «በዚህ ዕድሜዬ እንዴት አድርጌ ልበላት? አፍራለሁ» አሉኝ።

ትናንት መደርደሪያ ሳጸዳ ጥቅሉን አገኘሁትና አጫወትኩት። ጋሽ ካሳዬ፣ ለካ ሰሙ አላለቀም ነበር! ጠርዙ ላይ ትንሽ ቦታ ቀርቶ ኖሯል። ከሰላምታው ቀጥሎ ድምፅዎ ጥርት ብሎ ይሰማል፦ «ወይኔ ብፅዓት! እወድሻለሁ ሳልላት አለቀ!»

እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። ለእርስዎ ብልከው እንደሚደብቁት ስለማውቅ ድምፁን በስልኬ ቀድቼ በእትዬ አልታየሽ ስልክ ላክሁት። ሦስት ጊዜ አዳምጠውታል። «እንዳትነግሪው፤ ራሱ እስኪነግረኝ ዝም እላለሁ» ብለውኛል። እኔ ግን ምስጢር መያዝ አልቻልኩም፤ ይቅር ይበሉኝ።

አሁን ይህን ደብዳቤ ያስቀምጡና እሳቸው ወዳሉበት ይሂዱ። ሰላምታውን ግን ይዝለሉት።

እየሳቀች የናፈቀችዎ
ብፅዓት፣ ከስቶክዌል