ዶክተር ኑርሀያት ረዲ እና የተደፉት አርባ ጠርሙሶች

ዶክተር ኑርሀያት ረዲ ከአባታቸው ከአቶ ረዲ ይማም እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙስሊማ እንድሪስ በ1967 ዓ.ም በአዋሽ ሰባት ኪሎ ተወለዱ። ወላጆቻችን ከወሎ መጥተው ባቡር ጣቢያው አጠገብ ትንሽ ሆቴል የከፈቱ ሰዎች ነበሩ። ይህን የጻፍኩት ታናሽ ወንድማቸው መሀመድአሚን ነኝ። በእንዲህ ያለ ቀን የሟች ደግነት ብቻ ይነገራል። እኔ ግን በእህቴ ላይ የቀረ የአንድ ሰው ሐቅ ስላለ፣ ያመጣሁባቸውም እኔ ስለሆንኩ፣ ሳይቀበሩ መናገር አለብኝ።

ትምህርታቸውን እስከ ሁለተኛ ደረጃ በአዋሽ ተከታተሉ። ሳይጠይቁ የሚያልፉት ነገር ስላልነበረ አባታችን «ይቺ ልጅ እንግዳ ታባርርብኛለች» ይሉ ነበር። በ1989 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመረቁ። በ1994 ዓ.ም በገላፊ ጉምሩክ ይሠሩ ከነበሩት ከአቶ ጣሃ ሰይድ ጋር ኒካህ አስረው አብዱናሲርንና ዙሌይካን ወለዱ። ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ በሰመራ መምህርት ሆነው አገለገሉ።

ዕድሜያቸውን የሰጡት ሙቀት ለሚሰማው አንድ ፖሊመር ነው። እንደ ረጅም ሰንሰለት ያለ ነገር ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ ሟሙቶ ይጠፋል፣ ውሃውም ጥርት ብሎ ይታያል። ሙቀቱ ሠላሳ ሁለት ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ግን ያቀፈውን ውሃ ይለቅና ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ይሰባሰባሉ። ጠርሙሱ እንደ ወተት ይነጣል፤ ቆይቶም ፖሊመሩ ከውሃው ይለያል። ሲቀዘቅዝ መልሶ ይሟሟል። እህቴ ከአዋሽ እስከ ሰመራ ካሉ ጉድጓዶች ውሃ እየቀዱ፣ የየጉድጓዱ ጨው ይህን የመለያያ ሙቀት ምን ያህል ዝቅ እንደሚያደርገው ይለኩ ነበር። «ሰመራ ላይ እኔም ፖሊመሬም ያለ ማቀዝቀዣ አንኖርም» ብለው ይስቁ ነበር። ይህን ሁሉ ሃያ ጊዜ ነግረውኛል፤ አንዱንም አልሰማሁም።

በግንቦት 2009 ዓ.ም እናታችን ታመው ወደ አዋሽ ሲሄዱ፣ የሁለት ዓመት ልፋታቸውን በአርባ ጠርሙስ አድርገው በቤታቸው ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጡና ቤቱን ለእኔ አደራ ሰጡኝ። መብራት ሁለት ቀን ጠፋ። ማቀዝቀዣውን ስከፍት ሁሉም ነጥተዋል። እኔ የሆቴል ልጅ ነኝ፤ መብራት ጠፍቶ መልኩ የተለወጠ ነገር ይደፋል፣ ምክር አይጠየቅበትም። ሠላሳ ዘጠኙን ደፍቼ ጠርሙሶቹን በሳሙና አጠብኩ። ቤት የጠበቅኩ መስሎኝ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። አንዱ ጥግ ላይ ተረስቶ ቀረ። መብራት መጣ። ከሰዓት በኋላ ማቀዝቀዣውን ስከፍት ያ ጠርሙስ የምንጭ ውሃ መስሎ ጠርቷል።

ያኔ ገባኝ። እንዳይመሰክርብኝ እሱንም ደፋሁት። ሠላሳ ዘጠኙ ስሕተት ነበር፤ አርባኛው ግን ወንጀል ነው።

እህቴ ሲመለሱ «ይርገዱ ስታጸዳ ሳትደፋው አትቀርም» አልኩ። ወይዘሮ ይርገዱ ከደጋ መጥተው በቤቱ ስድስት ዓመት የሠሩ ሴት ናቸው። «እትዬ፣ ማቀዝቀዣውን በእጄ አልነካሁም፤ እኔ ጠርሙስ ምን ይሠራልኛል?» ብለው አለቀሱ። እህቴ ፊታቸውን አዞሩ። በዚያው ቀን አሰናበቷቸው። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ አየሁ።

ዶክተር ኑርሀያት ሥራውን ከባዶ ጀምረው በ2013 ዓ.ም ሦስተኛ ዲግሪያቸውን አገኙ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በብርጭቆ ውሃ መጠጣት አልችልም። ጥርት ያለ ውሃ ሳይ አሁን ይነጣል ብዬ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ ሲነጣ አየዋለሁ፤ አጠገቤ ያለው ሰው ግን ጠጥቶት ይሄዳል። እፈራለሁ።

እህቴ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሰቃዩ ቆይተዋል። ተኝተው ሳለ ሁለት ጊዜ «ይርገዱ የት ትሆን? ቸኩዬባት ይሆን እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። አሳይታ ምግብ ቤት ውስጥ እንደሚሠሩ አውቅ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ «እንጃ» አልኳቸው። ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም ማለዳ በሃምሳ ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄዱ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኔን ትተው አልፈዋል። አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፣ ያብራላቸው፤ ማረፊያቸውን ጀነት ያድርግላቸው።

ጀናዛ ከመነሳቱ በፊት ከቤተሰብ አንዱ ቆሞ፣ በሟች ላይ ሐቅ ያለው ሰው አውፍ እንዲል፣ ይቅር እንዲል ይጠይቃል። ዛሬ ይህን የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ የምጠይቀውም አንድ ሰው ነው። ወይዘሮ ይርገዱን ዛሬ ጠዋት ከአሳይታ ጠርቻቸዋለሁ፤ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠዋል። ለምን እንደጠራኋቸው አልነገርኳቸውም።

ወይዘሮ ይርገዱ፣ ጠርሙሶቹን የደፋሁት እኔ ነኝ። እህቴ የበደሉዎት እኔን አምነው ነው። እርሳቸውን ይቅር ይበሉልን፤ የእኔን ዛሬ አልጠይቅዎትም። ሰዉ ሁሉ ቆሟል። ጀናዛውን የምናነሳው እርስዎ ሲናገሩ ነው።