ሐይማኖት የምታውቀው ፓስወርድ

ሸዋ ሮቢት
ሚያዝያ 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሩቁ ባለቤቴ ለሙዐዊያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። እናትህ ጉልበታቸው ተሽሏቸዋል። ልጅህ ናጅዋም ሁለት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ሆናለች። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ኢብሮ ነው፤ ነገ የጭነት መኪናውን ይዞ ወደ ወደብ ይወርዳል። በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትል። በስልክ ስትስቅ የተቆጣሁት ሁሉ ይጠፋብኛል፤ ወረቀት ግን አይስቅም።

ነገሩ የጽሕፈት ሱቃችን ላፕቶፕ ነው። ደንበኛው ሁሉ በፍላሹ ቫይረስ እያመጣ ሲያስቸግረን ዊንዶውሱን አጥፍተህ ሊኑክስ የጫንክበት አንተ ነህ። ሁለት ዓመት ሰላም ነበር። ከረመዷን ወዲህ ግን አመል አወጣ። እንደምታውቀው ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ክዳኑን ዘግቼ ለዙህር ሶላት ወደ ቤት እገባለሁ፤ ላፕቶፑም ይተኛል። ዘጠኝ ሰዓት ተመልሼ ስከፍተው መብራቱ በርቷል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። የትኛውንም ቁልፍ ብነካ አይሰማኝም።

የመጀመሪያው ቀን እትዬ ከበቡሽ ማመልከቻ እያስጻፉኝ ነበር፤ አጣዬ ቤታቸው ተቃጥሎ እዚህ የተጠጉት ሴትዮ። ነገራቸውን ከሥሩ ጀምረው እያለቀሱ ነገሩኝ፣ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑ አልነቃ ሲለኝ ማጥፊያውን ተጭኜ ያዝኩት። የቆጡን ላወርድ የብብቴን ጣልኩ፤ ሲነሳ ጽሑፉ የለም። እሳቸው ከሥሩ ጀምረው ደግመው ነገሩኝ። በሁለተኛው እሳቸው አላለቀሱም፤ እኔ አለቀስኩ።

ሙቀቱ ነው ብዬ ደመደምኩ። የውሃ ጀሪካን እንደምናቀዘቅዘው ጆንያ አርጥቤ ከላፕቶፑ ሥር አነጠፍኩ። ይህን ለአንተ አልነገርኩህም፣ አፍሬ ነው። የነገርኩህ እንደማይነቃ ብቻ ነበር፤ አንተም ለሐይማኖት ደውዪ አልከኝ። ደብረ ብርሃን አብራህ የተማረችው፣ አሁን መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የምትጠግነው ሐይማኖት። ሌላ ጠጋኝ ከሮቢት ጠፍቶ ነው?

በባጃጅ መጣች። መልኳን አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ። ያንተ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እኔ በራሴ ሱቅ ውስጥ እንደ ባለጉዳይ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ጆንያውን ስታይ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሙቀቱ ሳይሆን ውሃው ነው የሚገድለው ብላ አነሳችልኝ፣ ነገ እመለሳለሁ ብላም ሄደች። ማታ ደውለህ ከሰላምታ ቀጥሎ ያልከኝ ምን ነበር? ጆንያሽ ደረቀ ወይ። እኔ የደበቅኩህን ከእሷ ሰምተህ፣ ሁለታችሁ ስትስቁብኝ አምሽታችኋል ማለት ነው። ቀናሁ፣ ሙዐዊያ። ሆድ ይፍጀው ብዬ እራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

በማግስቱ ተመልሳ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፈተች፣ ማሽኑ የሠራውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ አየች። የመጨረሻው መስመር ልተኛ ነው ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ከርነል በምትለው፣ በፊት በነበረው በአሮጌው የሊኑክስ ልብ አስነስታ ሞከረችው፣ ያው ነው። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ ይህ ማሽን ሁለት ዓይነት እንቅልፍ አለው፣ ከባድና ቀላል፣ ከከባዱ መመለስ ስላቃተው ቀላሉን እንዲተኛ እናዘዋለን። ትእዛዙን ስትጽፍ ማሽኑ ዋናውን ፓስወርድ ጠየቃት። ለእኔ የሰጠኸኝ የራሴን መግቢያ ብቻ ነው። ለሙዐዊያ ልደውልለት ልላት አፌን ስከፍት ቀና እንኳ ሳትል አስገባችው።

“ይህን ከየት አመጣሽው?” አልኳት።

“ገና ወደዚህ ሳልመጣ፣ ማክሰኞ ዕለት ሙዐዊያ ደውሎ ነገረኝ። ስምሽና የተጋባችሁበት ዓመት ነው እኮ፤ አታውቂውም እንዴ?”

ማክሰኞ። ኔትወርክ አልነበረም ያልከኝ ቀን፣ እኔ ስልኬን በእጄ ይዤ የዋልኩበት ቀን። ስሜ መሆኑን ስሰማ መደሰት ነበረብኝ፤ ይባስ አንጀቴ አረረ። የእኔን ስም ለእሷ ነግረህ ከእኔ ደበቅከው።

ከዚያ ማሽኑን አጥፍታ አስነሳችው። ክዳኑን ዘጋች፣ ቆይታ ከፈተች፤ ነቃ። ሰባት ጊዜ ሞከረችው፣ ሰባቱንም ነቃ። እውነቱን ልንገርህ፣ ባልነቃ ብዬ ተመኝቼ ነበር። የእትዬ ከበቡሽ ማመልከቻ ትዝ ሲለኝ ነው አስተግፊሩላህ ያልኩት።

ፓስወርድ እንዴት እንደሚቀየር አስተምሪኝ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ከወንበሩ ተነስታ እኔን አስቀመጠችኝ፣ የሚጻፈውን አሳየችኝ፣ ከዚያ ሳልጠይቃት ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

“እኔም እንዳላየው” አለች። “እሱ ኮምፒውተር አትወድም ብሎኝ ነበር።”

ማን ጠይቆኝ? ልጅቷ ክፉ አይደለችም፣ ይህን ማለት ከበደኝ እንጂ እውነት ነው። ስትሄድ ከጓሮ ፓፓያ ቆርጬ ሰጠኋት። ትልቁን አይደለም፣ መካከለኛውን።

አሁን እንግዲህ ዋናውን ፓስወርድ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በስልክ አልነግርህም፣ በዚህ ወረቀትም አልጽፍልህም። ስምህ ነው ብለህም እንዳትኩራራ። ላለፈው ኢድ ሥራ በዛብኝ ብለህ ቀረህ፤ አረፋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። መጥተህ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ቁጭ በልና ጠይቀኝ፣ በጆሮህ እነግርሃለሁ።

አላህ በሄድክበት ሁሉ ይጠብቅህ፣ ደጃችን ድረስም በሰላም ያድርስህ።

ሌላ ሰው ሳትጠይቅ እኔን እንድትጠይቀኝ የምትፈልገው ሚስትህ፣
ጣይባ